ዘሙሩድና የቋሊማው ሾርባ

ዘሙሩድ አፍንጫዋን የምታምን ሴት ነበረች። ቀበና ወንዝ ዳር ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤቷ የከረመ ሥጋ፣ የነቀዘ ዱቄት፣ የተበረዘ ዘይት ቢገባ ማንም ሳይነግራት ትለየዋለች። እንዲህ ያለች ሴት መታለሏ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግባት።

ዘመኑ ሰባ ሰባት ነው። ባሏ ሙዘይን የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ መኪናውም እሱም ለእርዳታ እህል ማጓጓዣ ተብለው ወደ ሰሜን ከሄዱ ስድስት ወር አልፏቸዋል። ሦስት ልጆች ይዞ እጅን አጣጥፎ መጠበቅ ስላልሆነላት፣ ከየካ ሚካኤል ዝቅ ብሎ ባለ ግቢ ለሚኖር የምሥራቅ ጀርመን መሐንዲስ ቤተሰብ ወጥ ሠሪ ሆና ገባች። የቤቱን እመቤት ሁሉም ማዳም ነው የሚሏት።

ማዳም ክፉ አልነበረችም። አማርኛ እየሰባበረች ታወራለች፣ ትስቃለች። ሐሙስ ሐሙስ አምሽታ ስለምትገባ ቶሎ የሚደርስና የሚያጠግብ ሾርባ አስተማረቻት። ሽንኩርቱ በዘይት ይቁላላል፣ ድንችና ካሮቱ ይከተፋል፣ ጥቅል ጎመኑ ቀጠን ተደርጎ ይሸነሸናል፣ ውኃ ይቸለስበታል፤ በመጨረሻ ቋሊማው ክብ ክብ ተደርጎ ተቆርጦ ይጨመራል። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

ቋሊማው በወረቀት እንደተጠቀለለ ከማቀዝቀዣው ይወጣል። ፈዛዛ ቀይ ነው፣ ልሙጥ፣ ያበጠ ጣት የሚመስል። ቢላዋ ሲያርፍበት ቆዳው ጧ ይልና ነጭ ስብ ያዥበት ነበር። ዘሙሩድ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሽታውን ጠልታዋለች። ላዩን ጭስ ጭስ ይላል፤ ከጭሱ ሥር ደግሞ ጉሮሮ ላይ ተለጥፎ የሚቀር ቅባት አለ።

«ማዳም፣ ይሄ የምን ሥጋ ነው?» ብላ ጠየቀቻት።

«በሬ። ከእስላም ሥጋ ቤት። አንተ ትበላለህ» አለች ማዳም። ሴትና ወንድ አትለይም ነበር።

ዘሙሩድ አመነቻት። ልጆቿ ከአረፋ ወዲህ ሥጋ አልቀመሱም። ማዳም የተረፈውን ሾርባ ስትሰጣት በራሷ ድስት ገልብጣ ቁልቁል ወደ ቀበና ይዛው ወረደች። ልጆቹ ተሻምተው በሉት፤ ታላቋ መብሩካ ድስቱን በዳቦ ጠረገችው። ዘሙሩድ ሁለት ማንኪያ ቀምሳ ተወች። ለልጆቹ ያዘነች መሰለች እንጂ አልወርድ ብሏት ነው። አራት ሐሙስ እንዲህ አለፈ።

በአምስተኛው ሐሙስ የማዳም ትንሽ ልጅ የእንስሳት ሥዕል ያለበት መጽሐፍ ይዛ ወጥ ቤት ገባች። ዘሙሩድ እየገለጠች «ላም፣ በግ፣ ዶሮ» ስትላት ልጅቷ ትደግማለች። አሳማው ጋ ሲደርሱ ልጅቷ ሥዕሉን በጣቷ ነካች፤ ቀጥላ መክተፊያው ላይ ያለውን ቋሊማ ነካች፤ ሆዷን አሸት አሸት አድርጋ ሳቀች።

ዘሙሩድ ቢላዋውን አስቀመጠች። ገጹን መልሳ ላሟን አሳየቻት። ልጅቷ ራሷን ነቅንቃ ገለጠችና አሳማው ላይ ጣቷን ደገመች።

በእጇ ላይ ያለው ቅባት የሚላወስ ነገር መሰላት። በጓሮ በር ወጥታ ቧንቧው ሥር አስታወከች። ጥበቃው ጋሽ ወልደ ኢየሱስ ውኃ በጣሳ ይዘው መጡ። ነገሩን ስትነግራቸው ፊታቸውን አጨማደው እንትፍ አሉ።

«እኔማ የእስላም ሥጋ ነው ስላለችኝ ነው እምቢ ያልኳት፤ ተመስገን» አሉና ወዲያው አፈሩ። «አንቺ ምን ታደርጊ ልጄ፣ ሳታውቂ ነው።»

ማዳም ስትመጣ ዘሙሩድ በሩ ላይ ጠበቀቻት። «አሳማ ነው?»

ማዳም ፊቷ ቀላ። «ልጆችህ ተርበዋል» አለች። «የተራበ አይመርጥም። ሥጋ ሥጋ ነው።»

ከቋሊማው ይልቅ ዘሙሩድን ያቅለሸለሻት ይህ ነው። ሴትዮዋ እያሾፈች አልነበረም፤ ከልቧ አዝና ነው የዋሸችው፤ ለባዘነ ውሻ እንደሚታዘነው።

«ልጆቼ ቢርባቸውም ሰው ናቸው» አለቻት። ሽርጧን ፈትታ ወንበር ላይ ጥላው ወጣች።

የሰፈሩን ሼህ አብዱልናስርን አማከረቻቸው። «ሳታውቂ ነው፤ አላህ ልብን ያያል። ዕቃሽን እጠቢ» አሏት። ድስቱን ሰባት ጊዜ አጠበችው፤ አንዱን በአፈር። ከዚያ አሸተተችው። ደግማ አሸተተችውና ወንዙ ውስጥ ወረወረችው።

ለልጆቿ አልነገረችም። በሚቀጥለው ሐሙስ ግን መብሩካ «እማዬ፣ ያ ሾርባ ዛሬ የለም?» አለቻት። ትንሹ ሳልህም ማንኪያውን ይዞ ተቀምጧል። ዘሙሩድ ምራቋ መረራት። ይናፍቁታል። ልትቆጣ ፈልጋ ነበር፤ ግን ምን ብላ ትቆጣለች?

ቅዳሜ ጠዋት ከእስላም ሥጋ ቤት ቁርጥራጭ ሥጋና የበሬ አንጀት ይዛ መጣች። አንጀቱን ለማጽዳት ግማሽ ቀን ፈጀባት። ፈርሱን አራገፈች፣ ገልብጣ ልጋጉን በቢላዋ ጀርባ ፋቀች፣ በጨውና በሎሚ አሸች። ዝንብ ወረራት፤ እስከ ክርኗ ድረስ ከረፋች። ጎረቤቷ ብርቄ በአጥር አሻግራ አይታ አፍንጫዋን ያዘች።

«ምን ጉድ ነው የምትሠሪው ዘሙሩድ?»

«ይሄ ሲታጠብ የሚለቅ ግማት ነው» አለቻት።

ሥጋውን ከትፋ በነጭ ሽንኩርት፣ በቁንዶ በርበሬና በኮረሪማ ለውሳ አንጀቱ ውስጥ ጠቀጠቀችው፤ በክር ቋጠረችው። አንዱ ወፍራም አንዱ ቀጭን፣ ጎባጣ ቋሊማ ወጣው። በተዋሰችው ድስት ውስጥ ድንቹን፣ ካሮቱን፣ ጎመኑን እንደተማረችው አድርጋ ጣደች፤ ቃሪያ ከራሷ ጨመረች።

ልጆቹ ከበቡት። መብሩካ ቀምሳ ወደ ሳልህ ዞረች። ሳልህ «ያኛው ይሻላል» አለ።

ዘሙሩድ «ብላ» አለችው ብቻ። በላ። ሁሉም በሉ፤ ጨመሩም። እሷ ግን ያን ቀንም ከዚያም ወዲህ አንድ ማንኪያ አልቀመሰችም፤ ደረቅ ዳቦዋን በሻይ በላች።

ሙዘይን በዓመቱ ሲመለስ ሁሉንም አጫወተችው። መሳቅ ጀምሮ ነበር፤ ፊቷን አየና ተወው።