ከጤፉ ሥር

ጤፍ ልሰፍር እጄን ጆንያ ውስጥ ስከት፣ ጣቶቼ ዛሬም ብረት ይፈልጋሉ።

ቢቸና ሳለን ጠመንጃውን የሚይዘው አባቴ፣ ጥይቱን የምታስቀምጠው እናቴ ነበረች። እሱ ምሰሶው ላይ ይሰቅላል፤ እሷ ዝናሩን ሰም በጠጣ ጨርቅ ጠቅልላ ጎታው ውስጥ ከጤፉ ሥር ትቀብራለች። አባቴን አንቱ ነበር የምትለው፤ «ጤፉን እስኪዝቁ ድረስ ንዴቱ ይበርድላቸዋል» ትለኝ ነበር።

መንግሥት መሬታችንን የሚለኩ ሰዎች ላከ በተባለ ጠዋት አባቴ፣ «ዝናሩን አምጪ» አላት።

«እርስዎ ይዛቁት» አለችው።

ዛቀ። ጤፉ ወለሉ ላይ ሲፈስ ሁለታችንም ፊቱን ፊቱን እናይ ነበር። አልበረደለትም። ዝናሩን ታጥቆ ወጣ።

እናቴ ጤፉን ጠርጋ፣ ነፍታ ወደ ጎታው መለሰችው። ባዶውን ጨርቅም አጣጥፋ ከነበረበት ቀበረችው።

«ሲመለሱ ይፈልጉታል» አለች።

ጨርቁ አሁን እኔ ጋ ነው። ዛሬም ሰም ሰም ይሸታል።