ለአባ የተነሣሁ ዕለት

ይህ የገጠመኝ ከሁለት ዓመት በፊት እዚሁ ባሕር ዳር ነው። እስካሁን ሽማግሌ ወደ ተቀመጥሁበት በመጣ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

የፋብሪካ መጋዘን ሠራተኛ ነበርሁ። አንድ ቀን የተደረደረ የጥጥ እስር ተንዶ ወገቤ ላይ ወደቀ። ከዚያ ወዲህ መነሣትም መራመድም በምርኩዝ ሆነ፤ ሥራዬም ቆመ። የቀረኝ ተስፋ ለጉዳተኛ የሚሰጠው ጡረታ ነበር። እሱም የሚገኘው የሐኪሞች ቦርድ «ከእንግዲህ መሥራት አይችልም» ብሎ ሲፈርም ነው።

በቀጠሮዬ ቀን ሦስት ሐኪሞች ፊት ተቀመጥሁ። «ጎንበስ ማለት ትችላለህ?» አለኝ አንደኛው።

«ኧረ እኔስ አልችልም» ከማለቴ በሩ ተከፈተና አንድ አዛውንት መነኩሴ ክፍል ተሳስተው ገቡ። ከጣና ገዳማት ካንዱ ለዓይናቸው ሕክምና የመጡ ኖረዋል።

እኔ ሆዬ ብድግ! ምርኩዜን ትቼ፣ ጎንበስ ብዬ መስቀል ተሳለምሁ። አባት ቆመው እኔ ልቀመጥ? እንደዚያ ሆኜ አላደግሁም። ሕመሙን ጥርሴን ነክሼ ቻልሁት።

ሐኪሞቹ ተያዩ። «ደህና አድርገህ ትታጠፋለህ እኮ!» አለኝ ያ የጠየቀኝ፤ ወረቀቱም ላይ ጫር ጫር አደረገ። ይሉኝታ ይዞኝ አልተከራከርሁም። ጭራሽ አመስግኜ ወጣሁ። ቂልነቴ!

ኮሪደሩ ላይ ግን እግሬ አልታዘዝ አለኝ። ግድግዳ ተደግፌ ላብ ሲያጠምቀኝ አባ አዩኝ።

«ምን ሆንህ ልጄ?»

«ወገቤ ነው አባቴ። ቅድም ስነሣ…»

«ለኔ ብለህ?»

እጄን ይዘው መልሰው አስገቡኝ።

«ልጆቼ፣ ይህ ሰው የተነሣው ድኖ አይደለም፤ ለመስቀሉ ብሎ ነው። እስቲ አሁን እዩት» አሏቸው።

ሐኪሙ ወገቤን ዳሰሰ፤ ራጁንም እንደገና አየ። «ታዲያ ለምን አትናገርም?» ብሎ ተቆጣኝና የጻፈውን ሰረዘው።

ጡረታው ተፈቀደልኝ። እውነቱን ለመናገር ወር አያደርስም። የቤት ኪራዩን ከቻለ ትልቅ ነገር ነው፤ ለአስቤዛው ባለቤቴ ሰው ቤት ልብስ ታጥባለች። ቢሆንም ያለ እሱ ያሳለፍነውን ጊዜ ዳግም አያሳየኝ።

ባለፈው ሰሞን ጀልባ መሳፈሪያው አጠገብ ተቀምጬ ሳለ አባ ከጀልባ ወርደው ወደ እኔ መጡ። ምርኩዜን ፈለግሁ።

«ተው፣ እንዳትነሣ!» አሉኝ ከሩቅ።

አጠገቤ ሲደርሱ እሳቸው በዚያ እርጅናቸው ቀስ ብለው ጎንበስ አሉና መስቀሉን ካለሁበት አደረሱልኝ። አፈርሁ፤ ደስም አለኝ። ሽማግሌን ቁጭ ብዬ መቀበል ዛሬም አልለመደልኝም። ያን ቀን ግን ቁጭ እንዳልሁ ተሳለምሁ።