ደውሎ ያልጠፋው ማድረቂያ

ሰሞኑን ልጄ ሥራዋን ታስረዳኝ ነበር። ከርነል የሚሉትን የኮምፒውተር እምብርት ትፈትናለች። የአንዱ ማሽን ሰዓት ቆጣሪ የሚፈለገው ችሎታ ከመሠረቱ ከሌለው፣ ያ ፈተና ይታለፋል እንጂ «ወደቀ» አይባልም አለችኝ። «በሌለው ነገር እንዴት ይወድቃል፣ አባዬ?» እኔም በደርግ ጊዜ ይህንኑ ለአንድ ካድሬ ተናግሬው ነበር።

ከቴክኒክ ትምህርት ቤት እንደወጣሁ ቴፒ አካባቢ በሚገኝ የመንግሥት ቡና እርሻ ተመደብኩ። የቡና ማድረቂያዎቻችን ሁለት ነበሩ። አዲሱ ሰዓቱ ሲሞላ ራሱን ያጠፋል፤ አሮጌው ደወል ብቻ ይደውላል፣ የሚያጠፋው ሰው ነው። ያ ሰው ጋሽ አደሎ ነበሩ፤ ከቦንጋ የመጡ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው።

በለቀማው ወራት፣ የቀይ ቡና ሽታ ከዝናቡ ጋር ግቢውን ሞልቶት ሳለ፣ አንድ ካድሬ መጥቶ ማሽኖቹ ያለ ሰው እጅ ራሳቸውን ያጠፉ እንደሆነ እንድፈትን አዘዘኝ። አዲሱ በሰዓቱ ጠፋ። አሮጌው ደወለና መሽከርከሩን ቀጠለ።

ካድሬው ጋሽ አደሎን አተኩሮ አያቸው። «ይህ አሻጥር ነው» አለ።

በዚያ ዘመን ያቺ ቃል ሰው ትበላ ነበር። ወደ እኔ ዞሮ «ወድቋል ብለህ ፈርም» አለኝ። ሳልፈርም መለስኩለት።

«ጓድ፣ አልወደቀም።»

«አልፏል ልትለኝ ነው?»

«አላለፈም። ራሱን የሚያጠፋበት ነገር ሲሠራም አልተገጠመለትም። በዚህ አይፈተንም።»

«እንዲህ የሚባል መልስ የለም» አለና ሁለታችንንም መኪናው ላይ ጫነን።

ወደ ሚዛን ተፈሪ የሚወስደን መንገድ ጭቃ ነበር። መኪናው በቆመ ቁጥር ጫካው ውስጥ ሊያወርዱን ነው እላለሁ። ጋሽ አደሎ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ የተቀቀለ ጎደሬ አውጥተው ግማሹን ሰጡኝ።

«ብላ ልጄ። ፍርሃት በባዶ ሆድ ይብሳል።»

የራሳቸውን ግማሽ ግን ሳይቀምሱት መልሰው ጠቀለሉት።

እስኪጣራ አሰሩን። የተላከው መካኒክ ማሽኑን ሲከፍተው ማጥፊያ የሚገጠምበት ቦታ እንኳ አልነበረውም። ለቀቁን፤ ይቅርታ ያለን ግን የለም። አብሮን የታሰረ አንድ መምህር እዚያው ቀረ። ስንወጣ ቀና ብሎ አላየንም።

ጋሽ አደሎ ብዙ ኖሩ፤ የልጅ ልጅ አይተው አለፉ። እኔም አረጀሁ። ዛሬም ግን አንድ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ «አዎ ወይስ አይደለም?» ሲለኝ፣ መልሱን ባውቀው እንኳ፣ ከመመለሴ በፊት በሩ ክፍት መሆኑን አያለሁ።