ልጄ በግጥሟ በር የከፈተችለት ሰው

የካ አባዶ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ እኔና ልጄ ብቻ ነን የምንኖረው። ትምህርቴ ከሦስተኛ ክፍል አላለፈም፤ የማነበው በጣቴ እየተከተልኩ ነው። አንድ ቀን እሷ ልብስ ስታሰጣ ስልኳ ጠረጴዛ ላይ እንደበራ አየሁና አነበብኩ። «በሬን ገርበብ አድርጌዋለሁ፣ ስትመጣ አታንኳኳ» ይላል። ማነው የሚመጣው? ያውም እኔ ቤት?

እሷን ሳልጠይቅ መቀርቀሪያ የሚገጥም ሰው ጠራሁ። ከሥራ ስትመለስ ይሄ ደግሞ ምንድነው ብትለኝ ሌባ በዝቷል አልኳት። አልዋሸሁም፤ ለኔ ሌባው ያ ሰውዬ ነው። ያሳደግኋት እኔ፣ የሆዷን የምትነግረው ለሱ። ለኔ የሚደርሰኝ የታክሲ ሰልፍ ወሬ ብቻ ነው።

በኋላ ራሷ ግጥም እንደምትጽፍ ነገረችኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ሃያ ሁለት ሰፈር፣ አንድ ካፌ ውስጥ አነባለሁ፣ ነይ አለችኝ። ሄድኩ፤ ግጥም ልሰማ ሳይሆን ሰውዬውን ላይ። ወንዶቹን አንድ በአንድ አጠናኋቸው። እሷ ግን ማንንም ለይታ አላየችም። «በሬን ገርበብ አድርጌዋለሁ» የሚለው ስንኝ ላይ ስትደርስ አጠገቤ የተቀመጠች ወጣት ሴት እንባዋን ጠረገች። ልጅቷን ታውቂያታለሽ ወይ አልኳት። አላውቃትም አለች። የራሷ ወንድም ግን በባሕር ሊሻገር ወጥቶ ድምፁ ከጠፋ ቆይቷል።

«ይመጣል ብለን በራችንን አንቆልፍም፣ እናቴ። ይቺ ልጅ ለኔ ነው የምትናገረው» አለችኝ ወጣቷ።

የፈራሁት ሰውዬ እንደሌለ ያኔ ገባኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ባሰብኝ። እስከዚያ የቀናሁት በአንድ ሰው ነበር፤ አሁን በካፌ ሙሉ ሰው ሆነ። የልጄን ስም እንኳ የማታውቅ ሴት ግጥሟ ውስጥ ሰተት ብላ ገባች፤ የወለድኳት እኔ ውጭ ቀረሁ።

ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ለማን እንደጻፈችው ጠየቅኋት።

«ለሰማው ሰው ነዋ፣ እማ። ሁሉም የሚጠብቀውን ሰው ያስገባበታል።» ከዚያ መቀርቀሪያው ትዝ ብሏት ሳቀች። «አንቺስ ማንን ትጠብቂያለሽ?»

«አንቺን ነዋ። ሌላ ማን አለኝ?»

ሳቋ ቆመ። ሩዋንዳ ሰፈር ካለው ቢሮዋ እስክትመለስ በየቀኑ መስኮት ላይ ቆሜ ከታክሲ የሚወርደውን ሰው እንደማይ፣ ስትዘገይ ምን ምን ክፉ ነገር እንደሚታየኝ፣ ነግሬያት የማላውቀውን ሁሉ ነገርኳት። እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ ስልኳን አውጥታ መጻፍ ጀመረች። አንገቴን ሰገግ ባደርግ እንዳላነበው ወደ መስኮቱ አዞረችው።