ጠርሙሱ ሲያቃስት

እናቴ ቤቷ ውስጥ የጠርሙስ ሌባ እንዳለ ታውቅ ነበር። አባቴ ባቡር ላይ ይሠራ ስለነበር ከድሬዳዋ በተመለሰ ቁጥር ከጅቡቲ የገባ የለስላሳ ፕላስቲክ ጠርሙስ ሁለት ሦስት ይዞ ይመጣል። ዛሬ መንገድ ላይ እግር የሚያደናቅፈው ዕቃ በደርግ ጊዜ ናዝሬት ውስጥ ብርቅ ነበር። እናቴ ዘይት ትቀዳበታለች፤ ላምባ ታስቀምጥበታለች፤ ለምትወዳት ጎረቤት ታውሰዋለች። ታዲያ አንዱ ሁልጊዜ ይጠፋል። ወንድሜ «አይጥ ወስዶት ይሆናል» ሲላት «ክዳን ጠምዝዛ የምትከፍት አይጥ የተፈጠረችው እኔ ቤት ብቻ ነው» ትለዋለች።

አይጦቹ ሦስት ነበርን። ወንድሜ፣ ታናሽ እህቱ እኔ፣ እና የወንድሜ የልብ ጓደኛ የነበረው የጎረቤታችን ልጅ። ይህን ሰው እዚህ በስሙ አልጠራውም። አዝኜለት እንዳይመስላችሁ፤ አፌን ላለማበላሸት ነው።

የጠርሙሱ ጥበብ ይሄ ነው። ሲሶውን ውሃ እንሞላዋለን። አፉን ከአሮጌ በረባሶ ጎማ ተቆርጦ በተሠራ ውታፍ እንደፍነዋለን። በውታፉ መሀል የብስክሌት ካላማዳሪ ቫልቮላ ያልፋል። ከዚያ ጠርሙሱን ገልብጠን የእንጨት ማቆሚያ ላይ በሽቦ እንቆልፈውና በፓምፕ አየር እንነፋበታለን። ሽቦው ላይ የታሰረው ሲባጎ ሲሳብ ጠርሙሱ ውሃውን መሬት ላይ ተፍቶ ወደ ሰማይ ይወነጨፋል። ክንፎቹን የሚሠራው ወንድሜ ነበር፤ የሚቆርጣቸውም ከእናቴ አሮጌ የደረት ራጅ ፊልም ነው። የእናቴ ጎድን አጥንቶች ከባቡር ሐዲዱ በላይ ሲበሩ አይቻለሁ ብል ማን ያምነኛል? ሮኬት የሚለውን ቃል ግን ደጅ ላይ አናነሳም ነበር። በዚያ ዘመን እንዲህ ዓይነት ቃል ሰው ያስበላል።

ጓደኛው ጎሚስታ ቤት ጎማ መለጠፍ ይለማመድ ስለነበር ፓምፑም ጉልበቱም የእሱ ነው። ሲባጎው የወንድሜ። የእኔ ድርሻ ውሃ መሙላትና የወደቀውን ሮጦ ማምጣት። ሕጋችን አንድ ብቻ ነበር። አየር ሲበዛበት ጠርሙሱ ያቃስታል፤ ያረጀ በር ሲከፈት እንደሚያወጣው ያለ ቀጭን ድምፅ ነው። ወንድሜ ያንን ሲሰማ «በቃ!» ይላል። «በቃ!» ከተባለ የሚነፋው ሰው ፓምፑን ጥሎ መሸሽ አለበት፤ ከዚያ በላይ ከተነፋ ጠርሙሱ እጅ ላይ ይፈነዳል። ደግሞም የሚነፋው ሰው ሲያጎነብስ ፊቱ ከጠርሙሱ በላይ ይሆናል። እሱ ዘወር ሳይል ሲባጎው ቢሳብ ጥርሱን ያረግፈዋል።

አንድ ጊዜ ፋሲካ ሲወጣ ሶደሬ ሄድን። ከፍል ውሃው አጠገብ ጥበቃዎች ስላባረሩን አዋሽ ዳር ወርደን ጠርሙሱን ለቀቅነው። ነፋስ ገፋውና ወንዙ ውስጥ ወደቀ። አዋሽ አዞ እንዳለበት ናዝሬት ያደገ ሕፃን ሁሉ ያውቃል። እኔና ወንድሜ ስንተያይ ጓደኛው ሱሪውን እንኳ ሳያወልቅ ዘሎ ገባ። ጠርሙሱን በጥርሱ ነክሶ ሲወጣ ወንድሜ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ሣሩ ላይ ተንከባለለ። እኔ ግን አልሳቅኩም። ያኔ እወደው ነበር፤ አሁን ብናገረው ምን ይመጣብኛል? ለጠርሙስ ብሎ አዞ አፍ የሚገባ ሰው ለጓደኛው ምን የማያደርግለት ይመስላችኋል? እኔም እንደዚያው መስሎኝ ነበር።

ብሔራዊ ውትድርና ሲመጣ ወንድሜ ዕድሜው ደርሶ ነበር። በዚያው ዓመት አባታችን ስለሞተ ለእናቴ የቀራት ወንድ እሱ ብቻ ነው። ቀበሌው ኮታ አለበት፤ ኮታው ካልሞላ ሊቀ መንበሩ ራሱ ይጠየቃል። ስለዚህ ወጣት ከገበያ፣ ከኳስ ሜዳ፣ ከአልጋው ሳይቀር ይታፈሳል። እናቴ ወንድሜን መቂ አክስቴ ዘንድ ላከችው፤ የሰው ሽንኩርት ሲኮተኩት ከረመ። አፈሳው መቂም ሲደርስ የቲማቲም መኪና ላይ በሳጥኖቹ መሀል ተጋድሞ ሞጆ ወረደ፤ የቀረውን በእግሩ መጣ።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ኮርኒሱ ሆነ። እናቴ ክፍል ጥግ ላይ አንዱ የኮርኒስ ችፑድ ይነሳል፤ በቁም ሳጥኑ ላይ ተንጠላጥሎ ይገባና መልሶ ይዘጋዋል። የናዝሬት ፀሐይ ቆርቆሮውን ሲያግለው እላይ ያለው ሰው እንደ ዳቦ ይጋገራል። ወንድሜ ግን አንድም ቀን አላማረረም። ምላጭና የራጅ ፊልሙን ይዞ እየተንፏቀቀ ክንፍ ይሠራል። የሚሰካበት ጠርሙስ ግን አልነበረም፤ ከአባቴ ሞት ወዲህ የሚያመጣልን ሰው የለም።

ከእኔና ከእናቴ ሌላ ይህን የሚያውቅ ጓደኛው ብቻ ነበር። ዕድሜው ከወንድሜ ጋር አንድ ነው፤ ነገር ግን ከተማውን እንደ ልቡ ይዞርበታል። እናቴ ስትጠይቀው «እማማ አያስቡ፣ የወጣት ማኅበሩ ሥራ ላይ ስለሆንኩ አልነካም» ይላታል። እናቴም ደጅ ወጥቶ የሚገባ አንድ ወንድ አጠገቧ በመኖሩ ፈጣሪዋን ታመሰግናለች። ምሳ ሲቀርብ መጀመሪያ የምታጎርሰው እሱን ነው።

አንድ ቀን ጃኬቱ ሥር ጠርሙስ ደብቆ መጣ። ወፍራም ነው፤ እንዲህ ያለ አይተን አናውቅም። ለጭነት መኪና ጎማ የሚሆን የእጅ ፓምፕም ከጎሚስታው ተውሷል። ወንድሜ አንገቱን ከኮርኒሱ አውጥቶ ተቀበለውና በጣቱ አንኳኳው።

«ይቺ እኮ የፈለግነውን ያህል ብንነፋት ትችላለች!» አለ።

«እሁድ ጠዋት ቀበሌው በሙሉ ስብሰባ ነው» አለ ጓደኛው። «አብዮት ጠባቂዎቹም እዚያው ናቸው። ከሐዲዱ ማዶ ያለው ሜዳ ላይ ውሻ እንኳ የለም። አንዴ ለቅቀናት እንመለሳለን።»

«እማዬ ከሰማች ትገድለኛለች።»

«እሷም ስብሰባ ናት። እስክትመለስ ኮርኒስህ ውስጥ ነህ።»

ወንድሜ እኔን አየኝ። ዓይኑ ውስጥ የነበረውን ደስታ ብታዩ እናንተም እንቢ አትሉትም ነበር።

እሁድ ጠዋት እናቴ ስብሰባ ስትሄድ ወንድሜ ነጠላዋን ተከናንቦ ወጣ። ብዙ ወር ያልተራመደበት እግሩ ስለሚንቀጠቀጥ እውነትም አሮጊት መስሎ ነበር። ሜዳው እንደተባለው ባዶ ነው፤ ነፋሱም ገና አልተነሳም። ውሃውን ሞላሁ። ወንድሜ ሽቦውን ቆለፈና ሲባጎውን ይዞ ወደ ኋላ አለ። ጓደኛው መንፋት ጀመረ።

ጠርሙሱ አቃሰተ።

«በቃ!» አለ ወንድሜ።

«ትንሽ ብቻ!» አለ ያኛው፤ ሳያቋርጥ ይነፋል። ጠርሙሱ ከዚያ በፊት ሰምተን የማናውቀውን ድምፅ ማውጣት ጀመረ። እኔ ጆሮዬን ያዝኩ።

«በቃ! በቃ እኮ አልኩህ! ዘወር በል፣ ፊትህን ላጠፋው ነው!» ወንድሜ እየሳቀ ነው። ሲባጎው እጁ ላይ ነው። አንድ ጊዜ ቢስበው ያልቅ ነበር፤ ግን የጓደኛው ፊት ከጠርሙሱ በላይ ስለሆነ አልሳበውም። ሲነፋ፣ ሲነፋ፣ ሲነፋ ቆየና ድንገት ፓምፑን ጥሎ ዘወር አለ። «አሁን!» ያለውም እሱ ነው።

ወንድሜ ሳበው። ውሃው ሁለታችንንም አለበሰን። ጠርሙሱ ከባሕር ዛፎቹ በላይ ወጣ፤ ከሚያንዣብቡት ጭልፊቶች በላይ ወጣ፤ እንደዚያ ወጥቶ አያውቅም። የእናቴ ጎድን አጥንቶች ፀሐይ ላይ ብልጭ ሲሉ ይታየኛል። ወንድሜ ነጠላውን ጥሎ እንደ ሕፃን እየዘለለ ጮኸ። ጠርሙስ ሲወጣ መጀመሪያ የጓደኛውን ፊት ማየት ልማዴ ስለነበር ዞር አልኩ። እሱ ወደ መንገዱ ነበር የሚያየው።

እኛ አንጋጠን ሳለን ኦራሉ፣ የአፈሳው የጭነት መኪና፣ ሜዳው ጫፍ ቆሞ ነበር። አብዮት ጠባቂዎቹ ወርደው ሁለቱንም ያዟቸው። ወንድሜ አልታገለም፤ የሚሮጥበት እግርም አልነበረው። ወደ መኪናው ሲገፉት አንገቱን መልሶ «የት ወደቀች?» አለኝ። ከወንድሜ አፍ የሰማሁት የመጨረሻ ቃል ይሄው ነው።

ጓደኛው በዚያው ዕለት ማምሻውን ተመልሶ መጣ። ልቡ ጤነኛ አይደለም ብለው እንደለቀቁት ነገረን። እናቴ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች፤ አንዱ እንኳ ስለተረፈላት አመሰገነች። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ይመጣል። ካምፑ ውስጥ ዘመድ አለኝ አላት፤ ለወንድሜ በሶና ሹራብ ጠቅልላ ሰጠችው። ቁጭ ብሎ ይበላል፤ እሷም ታጎርሰዋለች።

ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ወደ ወንጂ ሰው የሚያመላልሱ የሠፈራችን ባለጋሪ በራችን ላይ ቆሙ። «አካም ጅርታ፣ ኢንታላ ኮ» ብለው በኦሮምኛቸው እንደ ልጃቸው ሰላም አሉኝ። ከመቀመጫቸው ሥር ጠርሙሱን አወጡ። «ማሳ ዳር አገኘሁት። ይሄ አጥንት ያለበት የእናንተ አይደል?»

ጠርሙሱን ጠረጴዛ ላይ ላቆመው ብል አልቆም አለ። ሥሩ አብጦ ክብ ሆኗል። ደጋግሜ ሞከርኩት፤ እየተንከባለለ ይወድቃል። እናቴ መጥታ አጠገቤ ቆመች።

«ምን ሆኖ ነው?»

«ከልኩ በላይ ተነፍቶ ነው» አልኳት።

«ወንድምሽ በቃ አይልም እንዴ?» አለች፤ ሕጋችንን ታውቅ ኖሯል።

«ብሏል። ደጋግሞ ብሏል። ጓደኛው ነው አልሰማ ያለው።»

«ለምን?»

አፌን ከፈትኩ። መልሱን ያወቅኩት እዚያው፣ እናቴ ፊት፣ ቃሉን ስፈልግ ነው። ሲነፋ የነበረው ለከፍታ አልነበረም። መኪናው ስላልደረሰ ነበር። ዘወር ያላለው መኪናው እስኪታየው ነው፤ ወንድሜን እዚያው ያቆየው ደግሞ የገዛ ፊቱን አስይዞ ነው። ጥርሱን እንደማያረግፍበት ያውቃል። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል፤ እኛን ግን ጥሎን ብቻ አልቀረም፣ ተመልሶ መጥቶ ከገበታችን እየበላ ነበር።

ለእናቴ እንዴት አድርጌ እንደነገርኳት አላስታውስም። አላለቀሰችም። ጠርሙሱን ከእጄ ወስዳ ቁም ሳጥኑ ላይ አጋደመችው።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት እንደ ልማዱ መጣ። እናቴ እጁን አስታጠበችው፤ ወጡንም ፊቱ ጨለፈችለት። ጉርሻ ግን አልሰጠችውም። ሁለት ሦስት ጊዜ ከጎረሰ በኋላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችው።

«ልጄ፣ ያን ቀን ስንት ጊዜ ነው በቃ ያለህ?»

የጎረሰውን ማላመጥ አቆመ። እኔን አየኝ፤ ቀጥሎ ቁም ሳጥኑ ላይ የተጋደመውን ጠርሙስ አየ። እጁን ሳይታጠብ ተነስቶ ወጣ። እናቴ «ወጪት ሰባሪ!» አለችና ትሪውን አነሳች። ከዚያ ወዲያ ቤታችን አልመጣም። ስሙም አንድም ቀን ለውትድርና ተጠርቶ አያውቅም።

ከወንድሜ ከሰሜን ሁለት ደብዳቤ ደረሰን፤ ሦስተኛው አልመጣም። ደርግ ሲወድቅ የተበተነው ወታደር በእግሩ ከተማውን ሲያቋርጥ እናቴ ዋናው መንገድ ዳር ተቀምጣ የእያንዳንዱን ፊት ታይ ነበር። በየቀኑ ዳቦና ውሃ ይዛ ትወጣለች፤ ለሰው ልጅ ሰጥታው ባዶ እጇን ትገባለች። እስክትሞት ድረስ ኮርኒሱን አላስጠገነችም።

እኔ ትዳር ይዤ አዲስ አበባ ገባሁ። በቅርቡ ለለቅሶ አዳማ ስሄድ የመኪናዬ ጎማ ተነፈሰና ያገኘሁት ጎሚስታ ቤት አስገባሁ። ባለቤቱ ሸብቷል። ያወቀኝ እሱ ነው፤ ያውም በደስታ። ደጁ ላይ የሠፈር ልጆች የውሃ ጠርሙስ ይዘው ከኮምፕሬሰሩ አየር እንዲሰጣቸው ይለምኑታል።

«እሷን ጠይቋት!» አላቸው እያሳየኝ። «በእኛ ጊዜ የለቀቅናት አንዲት ጠርሙስ ነበረች፤ ከጭልፊት በላይ! እንደዚያ የወጣች ጠርሙስ ናዝሬት አይታ አታውቅም። ታስታውሻለሽ አይደል?»

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ። ይሄ ግን አልረሳም። ቢረሳ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ቀን ለራሱ የሚጣፍጠውን ቆርጦ አስቀርቷል፤ ለልጆችም ያወራዋል።

«አንተ አላየሃትም» አልኩት። «ወደ መንገዱ ነበር የምታየው።»

ልጆቹ አንዴ እኔን አንዴ እሱን አዩ። እሱ ጎማው ላይ አጎንብሶ ቱቦውን ሰካ። ፊቱን አላሳየኝም። ኮምፕሬሰሩ እየጮኸ አየሩ መግባት ጀመረ፤ ጎማው ሞላ፣ እሱ ግን እጁን አላነሳም።

«በቃ» አልኩት።

ወዲያው አቆመ።