አያልቅባትና የዝናቡ ፌስቲቫል

እናቷ ያወጣችላትን ስም ከታላቅ እህቷና ከባንክ ቤት ሠራተኞች በቀር የሚጠራው የለም። በየሙዚቃ ፌስቲቫሉ የሚያውቃት ሁሉ «አያልቅባት» ነው የሚላት። ሌላው ባር ባዶ ሳጥን ሲደረድር እሷ ዘንድ ቀዝቃዛ ቢራ አይጠፋምና።

ባሏ ከበሮ መቺ ነበር። እሱ መድረክ ላይ ሲቀጠቅጥ እሷ ከጎን ቆማ ሰዉን ታያለች። ፈጣን ዘፈን ሲመጣ ሁሉም ወደ መድረኩ ይጎርፋል፤ ለስለስ ያለ ሲጀመር ግማሹ ፊቱን ወደ ባር ያዞራል። ወረፋው ግን ንቅንቅ አይልም።

«እነዚህ ሰዎች ተሰልፈው ዘፈኑ አለቀባቸው እኮ!» አለችው አንድ ቀን።

«ታዲያ አንቺ ክፈቺላቸዋ!» አላት እየሳቀ።

እሱ ቀልዱን ነበር፤ እሷ ግን የምር ባር ከፈተች። ውሎ አድሮ እሱም ከበሮውን ትቶ የጭነት መኪናዋ ሾፌር ሆነ።

ሥራው ከውጭ ሲያዩት ቢራ ገዝቶ አትርፎ መሸጥ ይመስላል። ውስጡ ሲገቡ የቦታ ኪራይ አለ፣ ፈቃድ አለ፤ በረዶው፣ ጄኔሬተሩ፣ ጥበቃው፣ የሠራተኛው ደመወዝና ምሳ አለ። የሚፈሰውና የሚሰበረው፣ ቀጂው ለጓደኛው «በኔ ይሁን» እያለ የሚሰጠው ሁሉ ዋጋው ውስጥ ካልገባ የባሩን ባለቤት ራቁቷን ያስቀራታል። አያልቅባት ይህን ሁሉ ደምራ ስታበቃ ዋጋዋን ሁልጊዜ በድፍን ብር ትቆርጣለች። «መልስ ፍለጋ መሳቢያ ስትጎረጉሪ ደንበኛሽ ዘፈኑ ናፍቆት ይሄዳል» ትላለች ለአዲስ ቀጂ።

አንድ ዓመት ትልቅ ፌስቲቫል የሚያዘጋጅ ወጣት ቢሮው አስጠራት። ግድግዳው በዘፋኞች ፖስተር የተለበጠ፣ አየር የማያስገባ ክፍል ነበር።

«ከሽያጩ ሲሶው የኔ ነው። ዋጋውንም የምተምነው እኔ ነኝ» አላት። የተመነው ከከተማው ዋጋ ሦስት እጥፍ ነው።

«በዚህ ዋጋ ማን ይጠጣልሃል?»

«አጥር ውስጥ ናቸው። የት ይሄዳሉ?»

«ወንድሜ፣ አጥር ውስጥ ያለ ሰውም ቦርሳ አለው፣ ካልሲ አለው። ጠርሙሱን ደብቆ ይገባል። የማይደብቀውም አንዴ ይገዛና ተዘረፍኩ ብሎ ይተዋል። እኔ የምኖረው ተመልሶ በሚመጣው ሰው ነው።»

ብዙ ተጨቃጨቁ። በመጨረሻ ከአምስቱ ባሮች ሁለቱን እሷ ወሰደች፤ ቁርጥ ኪራይ አስቀድማ ልትከፍል፣ ዋጋውን ግን ራሷ ልትተምን። ሦስቱን አዘጋጁ በገዛ ሰዎቹ፣ በገዛ ዋጋው ያዛቸው። ሰው ቢመጣም ባይመጣም የተከፈለ ኪራይ አይመለስም።

ለሠርግና ለስብሰባ ወንበርና ድንኳን የምታከራየው ታላቅ እህቷ ይህን ስትሰማ በስልክ ተቆጣቻት።

«ቢዘንብስ?»

«ያልተከፈተውን ሳጥን አከፋፋዩ መልሶ ይወስዳል። ተስማምተናል፣ እትዬ።»

«ኪራዩንስ ዝናቡ ይከፍልልሻል? ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ!»

«መጥኛለሁ።»

«እናያለን» ብላ ዘጋችው።

ዘነበ። የመጀመሪያው ቀን ገና ከረፋዱ ሰማዩ ተቀደደና ሜዳው ጭቃ ሆነ። የመጣው ሰው ፕላስቲክ ተከናንቦ ይንቀጠቀጣል። ቢራ ዞር ብሎ የሚያይ የለም፤ የበረዶው ክምር እንኳ ለመቅለጥ አልቸኮለም። ቀጂዎቹ እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ወሽቀው ዓይን ዓይኗን ያዩዋታል። ለልጆቿ ትምህርት ቤት ያስቀመጠችው ገንዘብ እዚያ ኪራይ ውስጥ ነበር።

ሄዳ ባሏ አጠገብ መኪናው ውስጥ ገባች። ጣቶቹ መሪውን ይደበድባሉ።

«አሁን ምን እንዳማረኝ ታውቃለህ?»

«ፀሐይ።»

«ሻይ! እኔን ካማረኝ ይሄን ሁሉ ሰው አምሮታል።»

ወዲያው እህቷ ጋ ደወለች። «እትዬ፣ ትልልቆቹ የሻይ ማፍያዎችሽ ሥራ ላይ ናቸው?»

«ብዬሽ ነበር» የሚለው እስኪመጣ ጠበቀች። አልመጣም።

«ስንቱን ላምጣው?» አለች እህትየዋ።

ከጭቃው ጋር እየታገለች ደረሰች። ማፍያዎቹን፣ ዝንጅብሉን፣ ሎሚውን፣ ትርፍ ድንኳኗን ጭምር ጭናለች። «የፕላስቲክ የቢራ ብርጭቆዎችሽ በሙቅ ይኮማተራሉ ብዬ የወረቀት ይዣለሁ» አለች ሰላም እንኳ ሳትል። አንዱን ባር ለሻይ ለቀቁት። አያልቅባት ዋጋውን እዚያው ቆማ ቆረጠች፤ ሻይ ብቻውን በትንሽ፣ ከባሩ ኮኛክ ሲጨመርበት በአንድ ቢራ ዋጋ።

መጀመሪያ የመጡት ለመጠለል ነበር። እየቆዩ ብርጭቆ ያዙ። ከዚያ ብርዱ ድምፁን የዘጋበት ዘፋኝ ሎሚ በዛ ያለበት ሻይ ጠጥቶ ሄደና መድረክ ላይ «ጉሮሮዬን የከፈተችልኝ የሻይዋ ድንኳን ትባረክ!» ሲል ሜዳው ወደ እነሱ ዞረ። ባልየውም ሳይቀር ሽርጥ ታጥቆ ሲቀዳ ዋለ።

በማግስቱ ፀሐይ ወጣች። ትናንት አያልቅባት በሻይ ያሞቀቻቸው ሰዎች ጓደኞቻቸውን ይዘው ለቢራውም እሷው ጋ መጡ። በአዘጋጁ ባሮች አካባቢ ከየቦርሳው የወጡ ጠርሙሶች ጭቃው ላይ ተንከባልለው ነበር። እሱ ራሱ መጥቶ ሻይ ጠየቀ። ከፈለ፤ አያልቅባት ለማንም በነፃ አትሰጥምና።

ትርፉ ያሰበችውን ያህል አልሆነም። ቢሆንም ኪራዩ ተሸፈነ፣ ሠራተኛው ደመወዙን ወሰደ፣ የልጆቹም ክፍያ ቦታው ተመለሰ። ያልተከፈተውን አከፋፋዩ እንደ ቃሉ ጭኖ ሄደ።

በሚቀጥለው ዓመት አዘጋጁ አምስቱንም ባር እንድትወስድለት ለመናት። «ብቻዬን አልችለውም» ብላ እህቷን አስከትላ ሄደች። እህትየዋ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው አስጠግታ፣ መነጽሯን አድርጋ፣ ስለ መብራቱ፣ ስለ ውኃው፣ ስለ መግቢያው መንገድ፣ ቢዘንብ ከኪራዩ ስለሚቀነሰው አንድ በአንድ ትጠይቀው ጀመር። ወጣቱ በመሐረብ ግንባሩን ጠረገ።

«እርስዎ ይሻሉኝ ነበር» አላት አያልቅባትን።

«ይህን ለእሷ እንዳትነግራት፣ ደስ ይላታል» አለች አያልቅባት።

እህትየዋ ቀና እንኳ አላለችም። «ጄኔሬተሩ በማን ወጪ ነው ያልከኝ?» አለችው።