የኑሩ ፊት፣ ከደሴ እስከ ሐርቡ

ባለፈው ሳምንት የወንድሜ ልጅ ሐያት ለሰርጓ የሚሆን ፋውንዴሽን እንድመርጥላት ብላ ደሴ ፒያሳ ወዳለ አንድ የመዋቢያ ሱቅ ይዛኝ ሄደች። መደርደሪያው ከስንዴ ቀለም እስከ ጥቁር ቡና ድረስ ተደርድሮበታል። ለወዛም ቆዳ፣ ለደረቅ ቆዳ፣ ለድብልቅ ቆዳ እየተባለም ለየብቻው ተጽፎበታል። ሻጯ አንዱን ከፍታ የሐያት እጅ ጀርባ ላይ ልትቀባ ስትል ሳላስበው፣ «እጇ ላይ ሳይሆን መንጋጋዋ ላይ አድርጊው፤ ደግሞ ከበሩ ወጣ ብለን በፀሐይ እንየው» አልኳት።

ሐያት ሳቀች። «አክስቴ ደግሞ ይህን የት ተማርሽው?»

«ዱሮ ፀጉር ቤት እሠራ ነበር» ብዬ አለፍኩት። ውሸት አይደለም። ነገር ግን የዚህች ልጅ መንጋጋ ቁርጥ የአባቷን ነው፤ በጣቴ ጫፍ ቀለሙን ሳዳርስ ሌላ ጠዋት ትዝ አለኝ። አባቷን ኑሩንም አንድ ጊዜ እንዲሁ ቀብቼዋለሁና።

ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ዓመታት ነበር የቀሩት። እኛ ግን መቼ እንደሚወድቅ፣ ጭራሽ ይወድቅ እንደሆነም አናውቅም። የምናውቀው አፈሳውን ነው። አፋሾቹ ዛሬ ዳውዶ ሰፈር ነበሩ ሲባል ነገ ሰኞ ገበያ ሰፈር ይሆናሉ። ዳቦ ሊገዛ የወጣ፣ ከትምህርት ቤት የተመለሰ፣ ከመስጊድ የሚመጣ ወጣት ሁሉ ለጦርነት መኪና ላይ ይጫናል። ከዚያ በኋላ ያለውን የሚነግርህ የለም። የኑሩ ስም ከቀበሌ ከተጠራ ወዲህ እናታችን ጓዳ ውስጥ፣ ከማሽላው ኬሻ ጀርባ ነበር የምታስተኛው። ሲያስለው አፉን በትራስ ያፍናል። በራችን በተንኳኳ ቁጥር እናቴ ከመክፈቷ በፊት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ትንሽ ትቆም ነበር። ጎረቤት እሳት ሊጫር መጥቶም እንደዚያው ናት።

ሐርቡ የሚኖረው አጎታችን «ወደኔ አድርሱት፤ ቆላው ውስጥ፣ ማሽላው መሃል ማን ያገኘዋል?» ብሎ ላከብን። ሐርቡ ሩቅ አይደለም። ግን መንገዱ በኮምቦልቻ ነው፤ ከኮምቦልቻ መውጫ ላይ ደግሞ ኬላ አለ። ኬላው ላይ ወንዶች ለብቻ፣ ሴቶች ለብቻ ይፈተሻሉ፤ ዕድሜው የደረሰ ወንድ ከዚያ አያልፍም።

መላውን ያመጣችው እናቴ ናት። «ወንድ ሆኖ መውጣት ካልቻለ ሴት ሆኖ ይውጣ» አለች። ሳቅንባት። እሷ አልሳቀችም።

ኑሩ ቀጭን ነው። የእኔን ቀሚስ ቢለብስ፣ ሻሹ ማንቁርቱ ድረስ ቢጠመጠም፣ ከላይ ነጠላ ቢጣልበት የሚቀረው ፊቱ ብቻ ነው። ያ ፊት ግን አስጨነቀን። ጺሙ ከዕድሜው ቀድሞ ነበር የመጣው። ሙልጭ አድርጎ ቢላጨው እንኳ ከቆዳው ሥር ግራጫ ጥላ ይቀራል። እናቴ እኔን አየችኝ። እኔ ያኔ ሃያ ዓመቴ ነው፤ እትዬ አስካለ ፀጉር ቤት ሙሽሮችን ማሳመር እለማመዳለሁ።

ለእትዬ አስካለ ከመንገር ሌላ ምርጫ አልነበረኝም፤ ዕቃው ያለው እሷ ዘንድ ነው። በጠዋት፣ ደንበኛ ሳይመጣ ነገርኳት። ፊቷ አመድ መሰለ። ደንበኞቿ የባለሥልጣን ሚስቶች ናቸው፤ አንዲት ቃል ብትሾልክ ቤቷም እሷም ይጠፋሉ። ተነሥታ በሩን ዘጋችው። «እኔ ምንም አልሰማሁም» አለች። ከዚያ ከዓሰብ የሚመላለስ ሾፌር ያመጣላትን ሁለት ጠርሙስ የፊት ቀለም ከመሳቢያ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ዛሬ የምትማሪው ስለ አስቸጋሪ ፊት ነው፤ ነይ ተቀመጪ» አለችኝ።

ያን ዕለት የነገረችኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ደረቅ ፊት መጀመሪያ በክሬም ይለስልሳል፤ አለዚያ ቀለሙ እንደ ደረቀ ጭቃ ይሰነጠቃል። ወዛም ፊት ደግሞ ክሬም ከነኩት ቀለሙን ያንሸራትተዋል፤ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በስሱ ተቀብቶ ዱቄት ይነሰነስበታል። ጥላ ያለበትን ቦታ ቀለም ብቻውን አይሸፍነውም፤ ሥሩ ላይ ቀይ ሊፒስቲክ እንደ ጭስ በስሱ ይታሻል፣ ከዚያ ቀለሙ ይደረብበታል። «ማድያት የማጠፋው እንደዚህ ነው» አለች፤ ጺም የሚለውን ቃል ከአፏ አላወጣችም። «ዋናውን ደግሞ ስሚ። የደሴ ብርድ ፊት ያደርቃል። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ያው ፊት መወዛት ይጀምራል። እዚህ ያማረው እዚያ ይቀልጣል። ዱቄቱን ከእጅሽ እንዳትለዪው።»

የጥቅምት ብርድ ነበር። ገና ሲነጋ ኑሩን ጓሮ አውጥቼ ግድግዳ አስደግፌ አስቀመጥኩት። አንድ ፊት ላይ ሦስት ዓይነት ቆዳ አገኘሁ፦ ጉንጩ በብርድ ተሰነጣጥቋል፣ ግንባሩና አፍንጫው ወዝቷል፣ መንጋጋው ከምላጩ የተነሣ ቆስሏል። ከሁለቱ ጠርሙሶች አንዱ እንደ ፉርኖ ዱቄት የነጣ፣ ሌላው ከእሱ የጠቆረ ነበር። ሳህን ላይ እየቀላቀልኩ መንጋጋው ላይ ሞከርኩ። የመጀመሪያው በሽተኛ አስመሰለው። ሁለተኛውን ከአንገቱ ጋር አስተያየሁት፤ አሁንም አልገጠመም። ፀሐይዋ የጦሳን ተራራ ጫፍ ማብራት ጀምራለች፤ አውቶብሱ አይጠብቅም። ኑሩ ሳህኑንና ፀሐይዋን ተራ በተራ አየ።

«ዘሀራ፣ ካልሆነ ይቅር» አለኝ።

«ዝም በል፣ አፍህን አታንቀሳቅስ።»

በሦስተኛው ገጠመ። ዓይኑን ኩል ስኩለው እናቴ ከኋላዬ መጥታ አየችና «ያ አላህ» አለች፤ ወዲያው ፊቷን አዞረች። ኋላ እንደነገረችኝ፣ ያየችው ልጅነቱን እንጂ ሴትነቱን አልነበረም።

ድምፁ እንዳያጋልጠው ጥርሱን ታሞ መናገር አቅቶታል ልንል ተስማማን። እናቴ ለስንቅ በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ ሰጠችን። አውቶብሱ ወደ ከሚሴ የሚሄድ ነው። አጠገባችን ከኩታበር የመጡ እናትና ልጅ ተቀመጡ። ልጁ አወል ይባላል፤ ኑሩን የሚያክል ረጅም ልጅ ነው። እናቱ ከመቀመጣቸው ዞር አሉ።

«ምን ሆና ነው እህትሽ?»

«ጥርሷን ነው፣ እማ።»

«አብሽሪ ልጄ፣ አላህ ያሽርሽ» አሉና ከነጠላቸው ጫፍ ቅርንፉድ ፈትተው ሰጡኝ። «በሚያማት በኩል ትንከሰው።»

ኑሩ የጥርስ ሕመሙን እውነት ለማስመሰል ጉንጩን በመዳፉ ደገፈ። መዳፉን ሲያነሣ ግማሹ ቀለም እጁ ላይ ቀርቶ አየሁት። «እጅህን…» ብዬ ምላሴን ነከስኩ። «እጅሽን አውርጂ።» ሴትዮዋ የሰሙ አልመሰለኝም። ነጠላውን ወደ ጉንጩ ሳብኩለት። ከዚያ ወዲያ ቃል በተነፈስኩ ቁጥር አንተና አንቺን አፌ ውስጥ እየመዘንኩ ነበር።

«እርስዎ ግን ለልጅዎ አይፈሩም?» ብዬ በሹክሹክታ ጠየቅኳቸው።

«ብቸኛ ልጅ ነው፤ ከገበሬ ማኅበሩ ወረቀት ጽፈውልኛል» አሉ ደረታቸውን መታ መታ አድርገው። «ወረቀት ያለውን አይነኩም አሉኝ።» አወል በመስኮቱ ገደሉን ቁልቁል ያያል። ሐረጎን በተጠማዘዝን ቁጥር አየሩ ይሞቃል፤ እኔም ከኑሩ ግንባር ላይ ዓይኔን አላነሣሁም።

ኮምቦልቻ ስንደርስ ሾፌሩ ቁርስ ሊበላ ቆመ። ፀሐይዋ ጠንክራለች። እትዬ አስካለ እንዳለችው የኑሩ ፊት ወዝቶ፣ የላይኛው ከንፈሩ አካባቢ ግራጫው ብቅ ብሏል። አንድ ሱቅ ጀርባ ወስጄው ላቡን በመሐረብ ጫን ጫን አደረግሁት፤ ካሻሸሁት ሁሉም ይነሣል። ጉንጩ ላይ የጎደለውን ሞላሁ፤ ዱቄት ነሰነስኩበት። እኛ እዚያ ስንቆም ወጣቶች የጫነ መኪና በዋናው መንገድ አለፈ። አንዳቸውም አይጮኹም። ኑሩ መኪናው እስኪታጠፍ በዓይኑ ተከተለው። «ውሃ» አለኝ። ልሰጠው አልደፈርኩም፤ ከንፈሩ ይበላሻል።

ኬላው ላይ ሁላችንም ወረድን። ወንዶች በቀኝ፣ ሴቶች በግራ። እኛን የምትፈትሸው ካኪ የለበሰች ወጣት ናት። ስቀርባት መጀመሪያ ያየሁት መሣሪያዋን አልነበረም፤ ፊቷን ነው። ማድያቷን ለመደበቅ ከመልኳ እጅግ የነጣ ቀለም ተቀብታለች። አንገቷ ጠይም፣ ፊቷ ፉርኖ፤ ቀለሙ መንጋጋዋ ላይ በመሥመር ተቆርጧል። በሌላ ቀን ቢሆን አዝንላት ነበር። ያን ቀን ግን ፈራኋት። ቀለም የምታውቅ ሴት ቀለም አይጠፋባትም።

ቅርጫቴን በርብራ ወደ ኑሩ ዞረች። «አንቺስ?»

«ጥርሷን አሟት መናገር አትችልም» አልኩ።

አየችው። እንደ ፈታሽ አይደለም ያየችው፤ መስተዋት እንደሚያይ ሰው ነው። ቀስ ብላ ጣቷን ወደ መንጋጋው ሰደደች፣ ነካችው። ጣቷን መልሳ ቀለሙን በአውራ ጣቷ አሸችው። በቀኝ በኩል የቆመው ወታደር፣ «ምን ያቆይሻል? ጨርሺ እንጂ!» ብሎ ጮኸ። እኔ በልቤ አላህን ለመንኩ፤ የቱን ዱዓ እንዳልኩ አላውቅም።

«ጨርሻለሁ! ሴቶች ናቸው!» ብላ መለሰችለት። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እኔን ሳታይ፣ «ሙቀቱ ወደ ታች ይብሳል። ዱቄት ጨምሪለት» አለችኝ።

ጨምሪለት። ጨምሪላት አላለችም።

ኑሩን በክንዱ ይዤ አውቶብሱ ላይ ወጣሁ። ገና ተቀምጠን ሳንጨርስ ከቀኝ በኩል የሴት ጩኸት ሰማን። የኩታበሯ እናት ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ዘርግተው ይዘዋል። ወታደሩ አንብቦታል፣ መልሶም ሰጥቷቸዋል፤ አወልን ግን ይዞታል። «ብቸኛ ነው ወላሂ! ጌታዬ፣ ብቸኛዬ ነው!» ይላሉ። ከዚያ ስሙን ብቻ መጥራት ጀመሩ። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሣ። ሴትዮዋ አልተሳፈሩም። በኋላው መስኮት ሳያቸው መንገዱ መሃል ቆመው ነበር።

ኑሩ ማልቀስ ጀመረ። እንባው ኩሉን ይዞ ቀለሙን እየሰነጠቀ ወረደ። መጥረግ አልቻልኩም፤ ነጠላውን ፊቱ ላይ ጣልኩበትና ሐርቡ እስክንደርስ እጁን ያዝኩት።

አጎታችን ቤት ታጥቦ ወንድ ሆነ። እኔ በማግስቱ ወደ ደሴ ተመለስኩ፤ እትዬ አስካለ አንገቴን አቅፋ ሳመችኝ። ኑሩ ደርግ እስኪወድቅ ሐርቡ ቆየ፤ ማሽላ ሲጠብቅ፣ ከብት ሲነዳ። ከዚያ ተመልሶ ትምህርቱን ጨረሰ፣ አገባ፣ ሐያትን ወለደ። ዛሬ ሽማግሌ ነው፤ ጺሙም ነጭ ነው። ስለዚያ ቀን ለልጆቹ አልነገረም። እኔም እሱ ሳይፈቅድ አልነግራቸውም።

አንድ ጊዜ ብቻ ሁለታችን ስንቀር፣ «ፈታሿን ሳይሆን የአወልን እናት ነው በሕልሜ የማያቸው» አለኝ። ፈታሿ ምን እንደደረሰባት አናውቅም። ደርግ ከወደቀ በኋላ ፊታቸውን ሊያሠሩ በመጡ ሴቶች ሁሉ ውስጥ ስፈልጋት ኖሬአለሁ፤ ባገኛትም ያለዚያ ነጭ ቀለም አላውቃት ይሆናል።

ሰው ከመከራ ሲያልፍ አልሃምዱሊላህ ይላል፤ እኔም እላለሁ። ሐያት የምትዳረው አባቷ ስለተረፈ ነው። ምስጋናዬ ግን ሁልጊዜ ግማሽ መንገድ ላይ ይሰናከላል። ኩታበር ገበያ ለዘመድ ጉዳይ ሁለት ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ። የአወል እናት በዕድሜ የገፉ ይሆናሉ፣ ወይም አልፈዋል። አንዱን ሽማግሌ አስቁሜ «አወል የሚባል፣ ለእናቱ ብቸኛ የነበረ ልጅ ተመልሷል?» ብዬ መጠየቅ እችል ነበር። በየጊዜው እቅዱን ይዤ ሄጄ፣ ሽንኩርትና ባቄላ ገዝቼ ተመልሻለሁ። ተመልሷል ቢሉኝ ደስታዬ ነበር። አልተመለሰም ቢሉኝ ግን ምን እላለሁ? እስከ ዛሬ አልጠየቅሁም።